ውሃውንስ ልጠጣ፣ የት ልውጣ?

«ደግሞ ለሥነ ጽሑፍ መጽሔት የሽንት ቤት ነገር ይጻፋል?»

እንዲህ ያለኝ የመኝታ ክፍል ጓዴ ነው። ይህን ጽሑፍ ስጀምር በትከሻዬ በኩል አሻግሮ አነበበና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ኋላ ግን ነገሩን ሳሰላስለው ሳቁ ወደ ንዴት ዞረብኝ።

ስለ ፍቅር ስንት ወረቀት ጨረስን! ስለ ዓባይ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ነፃነት ስንት ቀለም አፈሰስን! ስለ ረኀብና ስለ ጥማትም ጽፈናል። እህልና ውሃ በእጁ እያለ፣ የሚወጣበት ቦታ ስለሌለው ብቻ ራሱን በጥማት የሚቀጣ ሰው ግን በአንዱም ግጥማችን ውስጥ አልገባም። ለምን ቢሉ ነውር ነዋ! እኛ ብዕረኞች ትልልቅ ቃል እንወዳለን፤ ትንሿን ነውር ግን አንደፍርም።

እንግዲህ ጓዶች፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሽንት ቤት ነው። በተለይም አካል ጉዳተኛ ስለማይገባበት የሕዝብ ሽንት ቤት። አፍንጫን መያዝ ይቻላል፤ ዓይንን መጨፈን ግን አይፈቀድም።

የተወለድሁት አዲስ ቅዳም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል፤ እንጅባራን ካለፈ በኋላ፣ ዳንግላ ሳይደርስ፣ በአውቶቡስ መስኮት አይቷታል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ቅዳሜን ያዘለ ነው፤ ገበያዋም ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ከየገጠሩ ሕዝቡ ይጎርፋል። ድንቹ፣ ገብሱ፣ ከሰሉ፣ በጉ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ አዊኛውና አማርኛው ይደባለቃል። ያ ሁሉ ሕዝብ ከጧት እስከ ማታ ሲሸጥ፣ ሲገዛ፣ ሲበላ፣ ሲጠጣ ይውላል። የጠጣ ደግሞ ይሸናል። ይህ ፍልስፍና አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

አጎቴ ጫማ ጠጋኝ ነው። የልጅነት ልምሻ ገና በሦስት ዓመቱ ሁለት እግሮቹን ወስዶበታል። በሁለት እጁ የእንጨት መርገጫ ጨብጦ፣ ወገቡን እየጎተተ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ስለዚህ እጁ እግሩ ነው። ያው እጁ ወስፌና ክር የሚይዝበት ነው። ያው እጁ እንጀራ የሚቆርስበት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጫማ ጠጋኝ ገበያ ተከትሎ ይዞራል። ቅዳሜን አዲስ ቅዳም ይውላል፤ በሌላው ቀን ወደ ሌላው ገበያ በጋሪ ይሄዳል። ልጅ ሳለሁ ክርና ሰም እያቀበልሁ ከጎኑ እቀመጥ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከእነዚያ ገበያዎች በአንዱ፣ ሆዱን ቁርጠት ያዘው። የቱ ከተማ እንደሆነ አልናገርም። ስሙን ብጠራ አንባቢዬ «አሃ፣ የእነሱ ነው!» ብሎ ይገላገላል፤ እንዲገላገል ደግሞ አልፈልግም።

የሕዝብ ሽንት ቤት ነበረ። ለዚህ እንኳ ምስጋና ይግባው። ጠባቂው «ክፈሉ» አለን፤ ከፈልን። ከፊታችን ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ አለ። አጎቴ አንዱን ወጣ፣ ሁለተኛውን ወጣ፣ ሦስተኛውን ወጣ፤ እያላበው። በሩ ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ገፋሁለት። ውስጡ ጨለማ ነው። ወለሉ ረጥቧል፤ በምን እንደረጠበ አልገልጽም። ቀዳዳው ወለሉ ላይ ነው፤ የሚጨበጥ ነገር በግራም በቀኝም የለም።

አጎቴ ደፉ ላይ ቆም አለ። ወለሉን አየ። ከዚያ እጆቹን አየ።

«ተመለስ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ከፍለናል እኮ!»

«ተመለስ አልሁህ፣ አንተ ልጅ!»

ቤት ሳንደርስ የሆነውን አልጽፍም። ጋሪ ነጂው ደግ ሰው ነበር፤ ያላየ መስሎ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አጎቴ አዲስ ሕግ አወጣ። ገበያ በዋዜማው ይጀምራል። የአጎቴ ቅዳሜ የሚጀምረው ዓርብ በእራት ነው። እራቱን ደረቁን ይበላል፤ ውሃ አይነካም። ቡና ሲፈላ «ለእኔ ይቅር» ይላል። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በአቧራ ይውላል፤ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ ጉንጩን በውሃ አርሶ ይተፋል። ሚስቱ መጀመሪያ የጾም ሥርዓት መስሏት ነበር። ጾም እንኳ ፍታት አለው፤ የእሱ ፍታት ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሲገባ ነው።

ኋላ ጎኑን ይወጋው ጀመር፤ ሽንቱም ያቃጥለዋል። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እንደ እኛው ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ። መድኃኒቱን ጻፈለትና «አባባ፣ ዋናው ነገር ውሃ በብዛት ይጠጡ» አለው።

አጎቴ ሳቀ። «ውሃውንስ ልጠጣ፣ ልጄ፤ የት ልውጣ?»

ሐኪሙ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ያን መልስ ፍለጋ ነው።

እስቲ አሁን ነገሩን እንደ ተማሪ እንመርምረው። አጎቴን ከገበያ ያስወጣው ማን ነው? ልምሻው ነውን? አይደለም! ልምሻው እግሩን ወሰደ፤ እሱ ግን በእጁ ተራምዶ ገበያ ደርሷል። ያስወጣው ደረጃው፣ በሩና ወለሉ ነው። ልምሻ የተፈጥሮ ነው እንበል። ደረጃው ግን ሰው የሠራው ነው። ሲሚንቶ አቡክቶ፣ ውሃ ልክ ለክቶ፣ ደመወዝ ተቀብሎ የሠራው ሰው አለ። ንድፉን የነደፈ አለ፤ ፈርሞ የተረከበ አለ። እነዚህ ሁሉ የተማሩ ናቸው። አባቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር። ይኸው፣ ምኞታቸው ሰመረ!

ነገሩ ደግሞ የአጎቴ ብቻ አይደለም። ዓይነ ስውሩን አስቡት። ጨለማ ለእሱ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ግን ቀዳዳው የት እንዳለ በምን ይወቅ? በእጁ ይዳስስ? በእግሩ ሲፈልግ ቢገባበትስ? ስለዚህ ሰው ይዞ ይገባል፤ ማንም ሰው ብቻውን ሊሆን በሚገባበት ቦታ እሱ ምስክር ይዞ ይቆማል። ክራንች ያላትን ሴት አስቡ። ሁለት እጇ ክራንች ይዟል፤ ቀሚሷን በምን ትያዝ? የወር አበባዋ ቢመጣስ? ውሃ በሌለበት፣ መቀርቀሪያ በሌለው በር? ወንዱ «አጥር ሥር» ብሎ ይገላገላል፤ እሷ ወዴት? የሰማኒያ ዓመት አዛውንቱን፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡሯን አስቡ። ቁጢጥ ብሎ መነሣት ያልከበደው ሰው ገና ያልደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

«ሕግ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ሕግማ ሞልቷል! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ በአንቀጽ 36 የደነገገው ምን ነበር? የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድም፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ ለማይወጣም መግቢያ ይኑረው ነው ያለው። ቀጥሎም፣ ሽንት ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚስማማና ሊደርሱበት የሚችሉት በበቂ ቁጥር ይሠራ አለ። አያችሁ? ስለ ሽንት ቤት መጻፍ ለሥነ ጽሑፍ ነውር ከሆነ፣ ለነጋሪት ጋዜጣ ነውር አልሆነም! በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ተቀበለች። የዚያ ስምምነት አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ነው፤ ሕንፃውን፣ መንገዱን፣ መጓጓዣውን ይቆጥራል።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውሃና የመጸዳጃ አገልግሎት ሰብአዊ መብት ነው የሚል ውሳኔ ቀረበ። 122 አገሮች ደገፉ። የተቃወመ አልነበረም። 41 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከ41ዱ አንዷ የማን አገር መሰለቻችሁ? የእኛዋ! ለነገሩ በእጅ ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አይደለም። እኛ ግን ይህን ድምፀ ተአቅቦ በየገበያው በሲሚንቶ እንደግመዋለን። ሦስት ደረጃ ማለት ድምፀ ተአቅቦ ነው። አልከለከልሁህም፤ አላስገባሁህምም።

ሕግ በወረቀት፣ ደረጃ በሲሚንቶ ተሠራ። ሁለቱ ሲጋጩ ማን ይሰበራል? ወረቀቱ ነው እንጂ!

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልዙር። ብዙ ናቸው፤ በምግብ አዳራሹ ያገኘሁትን ሁሉ ስለጠየቅሁ በደንብ አውቃቸዋለሁ።

አንደኛው ወገን «አገሪቱ ድኻ ናት፤ ጤነኛውስ መቼ ሽንት ቤት አገኘ?» ይላል። ይህ ቁም ነገር ያለው ክርክር ስለሚመስል ብዙ ሰው ያሳምናል። እውነት ነው፤ ድኾች ነን። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየገጠሩ ተሠማርተው ቤተሰቡ ሁሉ ጉድጓድ እንዲቆፍር ያስተማሩት በድኽነታችን መኻል ነው፤ ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱ ይኸው ነበር። እኔ የምናገረው ግን ስላልተሠራው ሽንት ቤት አይደለም፤ ገንዘብ ወጥቶበት ስለተሠራው ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የበር ስፋት ለተሽከርካሪ ወንበር 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ብዙው የሽንት ቤት በራችን 60 ነው። ልዩነቱ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም! 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ደረጃ በአንድ ለአሥራ ሁለት ልክ ቢያቀዘቅዙት የሚፈልገው መወጣጫ 1 ሜትር ከ80 ነው። ሦስቱ ደረጃ 5 ሜትር ከ40። ተሽከርካሪ ወንበር ለመዞር አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ይበቃዋል፤ ያም ከተሠሩት ክፍሎች አንዱን ብቻ ሰፋ ማድረግ ነው። ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ መቀመጫ አናጢ ይሠራዋል። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ መግጠም ስንት ያስከፍላል? ምንም! ለእጅ መያዣ የሚሆን እንጨትስ? የፋግታ ለኮማን ኮረብታ እዩት፤ ዲከረንስ ተክለን፣ ቆርጠን፣ አክስለን ለሩቅ ከተማ እንልካለን። የአዲስ አበባን ምድጃ የሚያሞቅ እንጨት ካለን፣ አጎቴ የሚደገፍበት አንድ አግዳሚ እንዴት ጠፋ? የጠፋው እንጨቱ አይደለም፤ አሳቢው ነው።

ሁለተኛው ወገን «ስንት ናቸው?» ይላል። ለጥቂት ሰው ብሎ ንድፍ ይቀየራል ወይ ማለቱ ነው። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ብሎ የመዘገበው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ላይ 1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ያህል አካል ጉዳተኞች አሉ፣ ከስድስት ሰው አንዱ ነው ይላል። ወይ እኛ ተአምረኛ ሕዝብ ነን፣ ወይ ደግሞ ሰዎቻችንን ከጓዳ አላወጣናቸውም። ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ ከውስጥ ያለውን ማን ነገረው? ክቡ እንዲህ ነው፦ መግቢያ ስለሌለ አይወጡም፤ ስለማይወጡ አይታዩም፤ ስለማይታዩ «ስንት ናቸው?» ይባላል፤ ጥቂት ስለተባሉ መግቢያ አይሠራም። ከዚህ ክብ መውጫው ቆጠራ አይደለም፤ መግቢያውን መሥራት ነው።

ደግሞስ ከእነሱ ወገን መሆንን ማን መርጦ ያውቃል? አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 በቶኪዮ በጫማ ዓለምን ቀደመ። በ1961 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ1962 በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ቀስት ወረወረ። በ1966 እስኪሞት ድረስ የዓለም ፈጣኑ እግር በወንበር ነበር የሚሄደው። በ2013 በሰሜን የተነሣው ጦርነትስ ስንቱን የእኛን እኩያ በሁለት እግሩ ወስዶ በአንድ መለሰው? «እነሱ» የምንለው ነገ «እኛ» ነው።

ሦስተኛው ወገን እኛው ነን፤ ብዕረኞቹ። እኛ አንቃወምም። እኛ እናዝናለን! አካል ጉዳተኛ በግጥማችን ሲመጣ ሁልጊዜ ምስኪን ነው፣ ሁልጊዜ ደጀ ሰላም ነው፣ ሁልጊዜ እንባ ነው። እንባችንን ጠርገን ስናበቃ በደረጃው ወጥተን እንሄዳለን። በግቢያችን በተሽከርካሪ ወንበር የምትማር እኅታችን አለች። ስሟን አልጽፍም፤ እሷም አልፈቀደችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። አንድ ቀን ብቻ «ከጧት እስከ ማታ ክፍል ሲኖርሽ ምን ትሆኛለሽ?» አልኋት። «ቁርስ አልበላም» አለችኝ። በቃ። ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የተሠራ አንድ ሰፊ ሽንት ቤት ግን አለ፤ ቁልፍ ተደርጎበታል፤ ውስጡ መጥረጊያና ባልዲ ተከምሮበታል። በደጁ በየቀኑ እናልፋለን። የትኛችን ነን «ይከፈት» ያልነው? ስለ ነፃነት የጻፍነው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠን ነው እኮ!

ተማሪ ምን ያደርጋል የሚል ካለ አንድ ታሪክ ልንገረው። ኤድ ሮበርትስ የሚባል አሜሪካዊ በ14 ዓመቱ ይኸው የአጎቴ በሽታ፣ ልምሻ፣ ከአንገቱ በታች አሰነፈው። እ.ኤ.አ. በ1962 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የተማሪዎቹ ማደሪያ መተንፈሻ መኪናውን መሸከም ስላልቻለ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ አደረ። ሌሎች መሰሎቹ ተጨመሩ፤ ተሰባሰቡ፤ ተደራጁ፤ ለሌላውም ተረፉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአገራቸው ሕግ ወጣላቸው፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ግን ሳይፈረም አራት ዓመት ከረመ። ከእኛ ጋር አልተመሳሰለም? በ1977 ሚያዝያ ወር ከመቶ የሚበልጡ አካል ጉዳተኞች በሳን ፍራንሲስኮ የመንግሥቱን መሥሪያ ቤት ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አልወጣም አሉ። ዓይነ ስውሩ ወንበር ገፋ፤ በወንበር ያለው ለዓይነ ስውሩ አነበበ። ደንቡ ተፈረመ። ወረቀትን ከሲሚንቶ በላይ ያጠነከረው የማንም ርኅራኄ አይደለም፤ ባለጉዳዩ ራሱ ነው።

ወደ አገሬ ልመለስ። የአዊ ሕዝብ በፈረሱ የታወቀ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ እስከዚህ ዘመን ድረስ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ኖሯል፤ ፈረስ በዓድዋ ለዋለው ውለታ ጭምር ነው። የእንስሳን ውለታ የማይረሳ ሕዝብ ለሰው ልጅ አንዲት የእጅ መያዣ ይነፍጋል ብዬ አላምንም። የነፈገው አውቆ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አጎቴ በሽታውን ደበቀ፣ ሚስቱም ደበቀች፣ ጋሪ ነጂው ፊቱን አዞረ፣ እኔ ደግሞ ይኸው እስከዛሬ ዝም አልሁ። ደረጃው ሲሚንቶ ነው፤ ያጠናከረው ግን ነውራችን ነው።

ስለዚህ ጓዶች፣ እንባችሁን ያዙትና የሚከተለውን እናድርግ።

የምሕንድስና ተማሪ ሆይ! የመመረቂያ ንድፍህን ከማስረከብህ በፊት አንድ ጊዜ በወገብህ ተቀምጠህ፣ በእጅህ እየሄድህ፣ በንድፍህ ውስጥ ግባ። መግባት ካልቻልህ ንድፉን ቅደደው። የሕግ ተማሪ ሆይ! አንቀጹን ለፈተና ብቻ አትሸምድደው፤ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ አንቀጹን ይዘህ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቁም። የጤና ተማሪ ሆይ! «ውሃ ጠጡ» ከማለትህ በፊት «የት ይወጣሉ?» ብለህ ጠይቅ። የማኅበራችን ተመራጮች ሆይ! መጥረጊያውና ባልዲው በዚህ ሳምንት ይውጣ፤ ቁልፉም ለሚያስፈልጋቸው ይሰጥ። ለዚህ በጀትም ስብሰባም አያስፈልግም። ብዕረኞች ሆይ! ምስኪን የሚለውን ቃል ለአንድ ዓመት እናሳርፈው፤ በምትኩ ደረጃ እንቁጠር።

የመኝታ ክፍል ጓዴ ይህን ሁሉ አንብቦ ሲጨርስ አልሳቀም። «እሺ፣ ለመሆኑ አጎትህ ምን ይፈልጋል?» አለኝ።

ብዙ አይደለም። አንድ ስንዝር የማይሞላ የበር ስፋት፣ አንድ መወጣጫ፣ አንድ የሚጨበጥ እንጨት፣ አንድ ጀሪካን ውሃና ደረቅ ወለል። ከዚያማ ዓርብ ማታ ሚስቱ ቡናውን ታፍላ፤ እሱም እንደ ሰው አቦሉን፣ ቶናውን፣ እስከ በረካው ድረስ ጠጥቶ ቅዳሜ ገበያው ይውረድ!